የአምፕሊፋየሩ ልብስ

ካሳይ የምትሳሳለትን ነገር ሁሉ ታለብሳለች፤ ቴሌቪዥኑን በዳንቴል፣ ፍሪጁን በዳንቴል፣ የልጇን ላፕቶፕ በፎጣ። ካዛንቺስ መፍረስ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ አቧራው እንደ ክፉ ጎረቤት ሳይጠሩት እየገባ አላስቀምጥ ብሏታል።

ባሏ ሃድጉ የእድሩ ለፋፊ ነው። ጥሩምባው ቀርቶ በአሮጌ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል፤ አምፕሊፋየሩ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የገጠመው ልጃቸው ሃፍቶም ነው። ምንጣፉ ላይ እንዳይተኛ በሁለት ጣውላ አንስቶ፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር የነቀለውን ፋን ከጎኑ አሰረለት።

«እማዬ፣ እንዳትሸፍኚው። ሙቀቱ የሚወጣው በእነዚህ ሸንተረሮች ነው። ከታፈነ ይጠፋል፣ በቃ።»

«አቧራ እየሳበ ቢቃጠልስ? አባትህ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ?»

«አንቺማ መቃብርሽንም ዳንቴል አልብሱልኝ ትያለሽ!»

«አታሟርት!»

ሃድጉ መሪውን ይዞ ሳቀ።

ገበያነሽ ከካሳይ ጋር ግድግዳ ተጋርታ ያረጀች ጎረቤቷ ነበረች። ቤቷ ሲፈርስ የከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባች፤ ብዙም ሳትቆይ ታመመች። ካሳይ ልትጠይቃት ስትሄድ እጇን ይዛ፣ «እዚህ ደረጃ ላይ ሰላም የሚለኝ እንኳ የለም። ስሞት ሰፈሬ ይለፈፍልኝ። ሰው አልባ እንዳልቀበር» አለቻት። ካሳይ ማለችላት።

ያረፈችው በመጋቢት ሐሩር ነው። ቀብሩ በዚያው ቀን ቂርቆስ ሆነ። ባልና ሚስት ለመለፈፍ መኪናው ውስጥ እንደገቡ፣ መንገድ ዳር ኤክስካቫተር ግንብ ናደና አቧራው በመስኮት ገባ። ዛሬ እንኳ አይበላሽ፣ አለች ካሳይ በልቧ። ከቦርሳዋ ዳንቴል አውጥታ አምፕሊፋየሩን ከነፋኑ አለበሰችው፤ ጫፎቹንም ከጣውላው ሥር ሸጎጠቻቸው።

መጀመሪያ ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። «ወይዘሮ ገበያነሽ አርፈዋል! ቀብር ዘጠኝ ሰዓት፣ ቂርቆስ!» ከፍርስራሹ መሐል የቀሩት ጥቂት በሮች ተከፈቱ። የቀድሞው ጎረቤት የሚበዛው ግን ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነው። እዚያ ሲደርሱ ድምፁ ጠፋ። ሃድጉ ማይኩን መታ መታ አደረገው። ዝም።

ካሳይ ወደ ኋላ ወንበር ሄዳ ተንበረከከች። ፋኑ ዳንቴሉን ስቦ፣ ክሩ ተጠምጥሞበት ቆሟል። ብረቱ ጣቷን ለበለባት። ዳንቴሉን ጎትታ በጣጠሰችው።

«ምን ሆነ?»

«ፀሐዩ ነው» አለች ቦርሳዋ ውስጥ እየጠቀጠቀች።

እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው ሞከሩት፤ የገበያነሽን ስም ብቻ ጠርቶ ደግሞ ጠፋ። ሃድጉ ወርዶ ፎቆቹን ሽቅብ እያየ በባዶ አፉ ጮኸ። ጄኔሬተር ይጮሃል፤ የሽማግሌ ጉሮሮ የት ይደርሳል? አንድም መስኮት አልተከፈተም።

ቀብሩ ላይ አስከሬኑን የተሸከሙት ተቀባይ አጥተው እስከ ጉድጓዱ እነሱው አደረሱት። ቄሱ ፍትሐቱን ከመጀመራቸው በፊት፣ ሰው የቀረ መስሏቸው ደጋግመው ወደ በሩ ተመለከቱ።

በማግሥቱ የቀድሞ ጎረቤታቸው ራቢያ ከሰንጋ ተራ እያለቀሰች መጣች።

«ምነው ካሳይ! ቤቴ ቁጭ ብዬ ነበር እኮ! ብሎኩን በሙሉ ይዤ እወርድ ነበር። እንዴት አትነግሩኝም?»

«ማጉያው ጠፋብን። ፀሐዩ ነው» አለች ካሳይ የተቃጠለ ጣቷን በነጠላዋ ሸፍና።

ሃድጉ ጥግ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ራቢያ ስትወጣ ግን ከኪሱ የተጨማደደ ነጭ ክር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ከፋኑ ላይ ነው የፈታሁት» አለ፣ ሳይቆጣ። «እኔ ስሞት በጥሩምባ አስለፍፊልኝ።»