ባሌን ከኮሚቴው ያስነሳሁበት ቀን

ባለቤቴ የገበሬዎች ማኅበራችን ቅርንጫፍ የኮምባይነር ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ነበር ልበል እንጂ። ሥራው ደመወዝ የለው፣ አበል የለው፤ ያለው ሐሜት ብቻ ነው። ማኅበሩ ያለው አንድ ኮምባይነር ስለሆነ አጨዳ ሲደርስ ሁሉም "ለኔ ቅድሚያ" ይላል፤ ተራ የሚያወጣው ደግሞ ኮሚቴው ነው። የኔው ሰውዬ ከማሳ ማሳ እየዞረ፣ ስንዴውን በጥርሱ እየሰበረ፣ የማን እንደደረሰ የማን እንዳልደረሰ ሲያጣራ ይውላል። ማታ ቤት የሚገባው እኔን ለማናደድ ብቻ ይመስለኛል።

አንድ ደንብ አለ። የኮሚቴ አባል ማሳ ከሁሉም በኋላ ይታጨዳል፤ የሰብሳቢው ደግሞ ከመጨረሻም መጨረሻ። ደንቡን ያረቀቀው ማን ነው ብትሉኝ፣ ያው የኔው ጻድቅ ነው። ከሱ በፊት የነበሩት ኮሚቴዎች ማሽኑን መጀመሪያ ወደ ራሳቸው ማሳ፣ ቀጥሎ ወደ አማቾቻቸው ይነዱት ነበር። ስለዚህ ደንቡ ሲነበብ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

አምና ኮምባይነሩ እኛ ጋ ሳይደርስ ዝናብ ቀደመው። ስንዴያችን ዛላው ላይ እንዳለ በቀለ። ዱቄቱ ሊጥ አልሆን ብሎ አብዛኛውን ለከብቶቹ ሰጠነው፤ ዘሩን እንኳ የሰጠችን እህቴ ናት። ዘንድሮም ከተደገመ የምንበላው የለም፣ የምንዘራውም የለም።

ያን ጠዋት ሳይታጨዱ የቀሩት ሁለት ማሳዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ የኛ ነው፤ ሌላው የጎረቤታችን የአይመቸኝም። ስሙ አይደለም፤ ኮሚቴ ግባ በተባለ ቁጥር "አይመቸኝም" ስለሚል የወጣለት ቅጽል ነው። የሱ ማሳ ሰፊ ስለሆነ ማሽኑን እስከ ማታ ይይዘዋል። ሬዲዮው ደግሞ ከባድ ዝናብ እየመጣ እንደሆነ ሲለፍፍ ነው ያደረው። ሰማዩን ሳየው ጠቁሯል፤ በአጥሩ በኩል ጎረቤታችንን ተጣራሁ።

"የኔ እንደሆነ ከሥሩ ገና አረንጓዴ ነው" አለኝ። "ዝናብ ቢመታውም ምንም አይል። ተራዬን ውሰዱት፣ እህቴ።"

እየሮጥኩ ለባሌ ነገርኩት። ጫማውን እያሰረ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም።

"አይሆንም። ሰብሳቢውን ፈርቶ ለቀቀለት ይባላል።"

"ይባል! የሚባል ነገር ይበላል?"

"ደንብ ደንብ ነው" ብሎ ወጣ።

ቆሽቴ አረረ። ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር ተከትዬው ሄድኩ። በአጨዳ ሰሞን አባላቱ ጠዋት ጠዋት የዕለቱን ተራ ለመስማት አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ማሳቸው ያለቀላቸውም አይቀሩም፤ ወሬ ይወዳሉ። እግሩ በሽቦ የተጠገነ የፕላስቲክ ወንበር ደረሰኝ፤ ከጎኔ የማዳበሪያ ጆንያ ተከምሯል፤ ሽታው አፍንጫ ይበጥሳል። ባሌ ተራውን አነበበ፤ አይመቸኝም ዛሬ፣ እኛ ነገ። ከዚያ "ሌላ ጉዳይ ያለው?" ሲል እጄን አወጣሁ።

"እሺ፣ ይናገሩ" አለኝ። ስብሰባ ላይ አንቱ ይለኛል፣ አድልዎ እንዳይመስል።

"የኮምባይነር ኮሚቴው ሰብሳቢ ከቦታቸው እንዲነሱ ሐሳብ አቀርባለሁ።"

ከኋላ የማኅበሩ መካኒክ "በምን ጥፋት?" ሲል ጠየቀ።

"ጥፋት የለባቸውም። ከጎረቤታችን በቀር የሁላችሁም እህል ጎተራ ገብቷል፤ ያስገቡላችሁ እሳቸው ናቸው። የኛ ግን ሜዳ ላይ ቆሟል። አምና በቅሏል፣ ዘንድሮም ሊበቅል ነው። ስትፈልጉ አጨብጭቡላቸው፤ ልጆቼ ግን ጭብጨባ አይበሉም!"

የማኅበሩ ጸሐፊ "የምትደግፉ እጅ አውጡ" ስትል ቀና ለማለት አቃተኝ፤ ሲሚንቶው ላይ አፈጠጥኩ። በሰው ፊት ባሌን አዋረድኩት፤ ከዚህ በኋላ እህሉ ቢገባስ ቤቱ ቤት ይሆናል? ብዬ ሰጋሁ።

"በሙሉ ድምፅ አልፏል" አለች ጸሐፊዋ። "ግን ተተኪ ካልተገኘ መነሳት የለም። ፈቃደኛ?"

ይኼኔ ነው ጉዱ! ሁሉም አቀረቀረ። አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዱ ስልኩን ይነካካል፣ አንዷ የሌለ ሳል ታስላለች። ሊበተን ነው ብዬ ተስፋ ስቆርጥ ከመስኮቱ በኩል ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። የተነሳው አይመቸኝም ነው።

"እኔ እገባለሁ" አለ፣ የተሰረቀ ዕቃ እንደሚመልስ ሰው አፍሮ። "እንግዲህ የሰብሳቢ ማሳ መጨረሻ አይደል? ማሽኑ ወደነሱ ይሂድ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ባሌ ከፊት ከፊት እየሄደ ማሽኑን ወደ ማሳችን መራው። ማሽኑ እየጮኸ ገባ። ማሳችን ጠባብ ስለሆነ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ አለቀ። ሲስቁ የነበሩትም ሳይጠሩ መጡ፤ ጆንያ ያዙ፣ ሰፉ፣ ተሸከሙ። መካኒኩ እንኳ ሁልጊዜ ወገቤን ወገቤን ማለቱን ትቶ ተሸከመ። የመጨረሻው ጆንያ ጎተራችን ገብቶ ሰዎቹ እንደተበተኑ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ስንዴው ደረቅ ነው፤ እጄን ሰድጄ አየሁት፣ ይሞቃል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ባሌ ግን ጆንያዎቹን ተደግፎ በሩን ያያል፣ ዝም ብሎ።

"ከተቀየምከኝ ተናገር" አልኩት። "ተሳደብ ከፈለግክ። ዝም አትበለኝ።"

"ድምፅ ሲሰጥ ዓይንሽ የት ነበር?"

"መሬት ላይ።"

"ቀና ብትዪ ኖሮ መጀመሪያ የወጣችውን እጅ ታዪያት ነበር።"

"የማን?"

ገለባ የተጣበቀባትን ቀኝ እጁን ከአናቱ በላይ አነሳት፤ ልክ እንደ ተማሪ። ባገኘሁት ባዶ ጆንያ ጀርባውን አቀመስኩት።

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ራስህ አትለቅም ነበር?"

"የራሱ ተራ ሲደርስ ከደንቡ ሸሸ እንዲሉኝ? አምና ያ ስንዴ ሲበቅል እኔ እንቅልፍ የነበረኝ ይመስልሻል? አንድ ሰው ተነስቶ በቃህ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። አንቺ ትሆኛለሽ ብዬ ግን አላሰብኩም።"

እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እሱ እንቅልፍ አለው ብዬ ነበር የተበሳጨሁት። አሳዘነኝ፤ ሳቄም መጣ፤ የቱን ላስቀድም ግራ ገባኝና አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አናቱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ያንኮራፋ ጀመር። ዝናቡ እስኪያባራ ንቅንቅ አላልኩም።