ለእናቷ ጣቶች የሚሆን ሌንስ

ግን የስልሳ ሚሊሜትሩን ሌንስ ከወሰደች መጠጋት ይኖርባታል፣ በጣም መጠጋት፣ ሻጩ እኮ በመዳፉ እየለካ አሳይቷታል፣ እዚህ ድረስ፣ እህቴ፣ አፍንጫሽ ሊነካው ምንም አይቀረው፣ ይላል እየሳቀ፣ መቶው ማክሮ፣ ይሄ ትንሹን ነገር የሚያጎላው፣ ግን ራቅ ብለሽ ቆመሽም ያንኑ ያህል ያጎላልሻል፣ ለምንድን ነው የፈለግሽው፣ ለአበባ፣ ለነፍሳት?

ለጣት፣ ትላለች።

ለቀለበት ማለትሽ ነው። የሰርግ ፎቶ አንሺ መሆኗን ቦርሳዋ ላይ አንብቦ ነው፣ ይሁንለት፣ አዎ ለቀለበት፣ የእናቴ ጣት ብላ ምኑን ከምኑ ልታስረዳው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ የሰፉ ጣቶች፣ የስንቱን ሱሪ ያሳጠሩ፣ የስንቷን ሙሽራ ወገብ ያጠበቡ፣ ሌባ ጣቷ ጫፍ ላይ መርፌ ያደነደነው ቆዳ፣ አሁንም ብርድ ልብሱ ላይ ባዶውን ይሰፋሉ፣ የሌለ ክር በምራቅ ታሾላለች፣ ቋጠሮ ትቋጥራለች፣ እናቷ የልጇን ስም ረስታለች፣ ቤቱን ረስታለች፣ እጇ ግን አልረሳም። እስካሁን። ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ሙሉ እጇ ሳይሰፋ ዋለ፣ ያኔ ነው የልጅቷ ልብ ስንጥቅ ያለው። ቶሎ። ቶሎ ማንሳት አለባት።

በስልኳ ሞክራለች። ገና ጠጋ ስትል እናቷ እጇን ብርድ ልብሱ ውስጥ ትሸጉጣለች፣ ማነሽ አንቺ፣ ምን ልትወስጂ ነው፣ ኧረ ሰው ጥሩልኝ፣ እማዬ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ እኮ፣ አላውቅሽም፣ ሂጂልኝ። ወንድሟ ደግሞ በሩ ላይ ተደግፎ፣ ምናለ ብትተያት፣ አንቺም አበዛሽው።

አበዛችው። ይሁን።

ሻጩ ሁለቱንም መስታወቱ ላይ ደርድሮ ይጠብቃል። ስልሳው ቀለል ያለ፣ እጅ የሚሞላ፣ ልቧ ወደ እሱ ነው፣ ስልሳውን መግዛት ማለት አንድ ቀን ታውቀኛለች፣ እጠጋታለሁ፣ እሺ ትለኛለች ማለት ነው፣ መቶውን መግዛት ግን፣ ምን ማለት ነው፣ በቃ ራቅ ብሎ መቆም፣ በገዛ እናት ቤት እንደ ባዳ። ነፍሳትም ካነሳሽ መቶው ይሻልሻል፣ ይላል ሻጩ መቶውን ወደ እሷ ገፋ አድርጎ፣ ከተጠጋሻቸው ይበራሉ።

ይበራሉ።

መቶውን ስጠኝ።

ከሰዓት በኋላ እናቷ መስኮቱ አጠገብ ወንበሯ ላይ ናት፣ ልጅቷ እጅ ቢዘረጋ ከማይደርስበት ቦታ ወለሉ ላይ ቁጭ ትላለች፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ሌንሱን ቀስ አድርጋ ታዞራለች፣ ብዥታው ይጠራል፣ ይኸው፣ የአውራ ጣቱ ጥፍር ስንጥቅ፣ የደነደነው ቆዳ፣ አልሸሸም፣ እጁ አልሸሸም፣ ጣቶቹ ከጭኗ ላይ ተነስተው መስፋት ይጀምራሉ፣ አንድ ስፌት፣ ሌላ ስፌት፣ ልጅቷ የካሜራውን ቁልፍ ትጫናለች፣ ትጫናለች። እናቷ ቀና ትላለች።

አንቺ ልጅ፣ ቀዝቃዛ ላይ ተቀምጠሽ፣ አይበርድሽም? ድምጿ ለስላሳ ነው፣ ለጎረቤት ልጅ የሚወጣ ድምፅ። እናት የለሽም እንዴ?

አለችኝ።

ታዲያ ሂጂላት እንጂ፣ ትጨነቃለች እኮ።

እሺ፣ እሄዳለሁ፣ ትንሽ ልቀመጥና።

እሺ፣ ተቀመጪ እንግዲህ፣ ትላለች እናቷ፣ ጣቶቹም ወደ ስፌታቸው ይመለሳሉ፣ በሌንሱ ውስጥ ግን ለልጇ ምንም አይታያትም፣ ሁሉም ውሃ ሆኗል፣ እንዲያም ሆኖ ትጫናለች፣ ደግማ ትጫናለች፣ ትንሽ ልቀመጥ ብላለችና፣ እናቷም እሺ ብላለችና።