መርዶ ለማልኮም

ስህተቱን የሠራችው ሶሬቲ ናት። በሞተ አባቷ ስልክ፣ በሞተ አባቷ ስም፣ «ደህና ነኝ፤ ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ነው» ብላ ጽፋ ላከች።

ከላከች በኋላ ስልኩን ጥቁር ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችና ወደ ሳሎን ተመለሰች። ሶፋዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል፤ ከቤተ ክርስቲያን በቫን የመጡት ተጣጣፊ ወንበሮች ተደርድረዋል። ሚኒሶታ፣ ኩን ራፒድስ ያለ የአገር ሰው ሁሉ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ከሥራ ሲመለስ ብቅ ይላል። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል፤ ይቀመጣል፤ ዝም ይላል፤ ከዚያ አጠገቡ ካለው ጋር ስለ ኦቨርታይም ያንሾካሹካል። ሶሬቲ ዝምታውም ሹክሹክታውም ሰልችቷታል። ዉድበሪ ውስጥ ባለ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። የደም ውጤት ሲወጣ ለሐኪሙ ትልካለች፤ አለቀ። ነገር ሲጓተት አትወድም።

እናቷ ብዙነሽ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ የአባቷ ታላቅ እህት ኢብሲቱ አለች፤ ሶሬቲ አዳዳ ነው የምትላት። ወንድሟ ቀጀላ ጋራዥ ውስጥ የስኖው ጎማ ሲቀይር ልቡ ቀጥ ብሎ መሞቱን ሰምታ ከዴንቨር በርራ የመጣች ናት።

«ማን ነው የጻፈው?» አለች ብዙነሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ማልኮም።»

«ውይ! ምን አልሽው?»

«ጉንፋን ይዞኛል አልኩት። አባዬን ሆኜ።»

«ጎበዝ።»

«ምኑ ነው ጉብዝናው፣ ማሚ? ሰውየው ከሞተ ሰው ጋር እየተጻጻፈ ነው። ሞቷል ብዬ ቴክስት ላድርግለትና ይለቅ።»

ኢብሲቱ ቀና አለች። «መርዶ በቴክስት?»

«እሺ፣ ኮል ላድርግለት።»

«ከማን ጋር ነው የሚኖረው?»

«ብቻውን። ሚስቱ ሞታለች። ልጅ የላቸውም።»

«ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ፣ ባዶ ቤት ውስጥ፣ ስልክ አንስቶ ወዳጅህ ሞተ ሊባል? ቢወድቅ ማን ያነሣዋል? ማን ውኃ ያቀምሰዋል?» ኢብሲቱ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ወረወረች። «አጠገቡ ሰው ሳይኖር አይነገረውም።»

ለቅሶ ከመጡት ማልኮም ማን እንደሆነ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ቀጀላ በወጣትነቱ የትራክተር ጥገና ሊማር ስኮትላንድ ተልኮ ነበር፤ ኪልብራን ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ። አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ የዓሣ ፋብሪካና አንድ የእግር ኳስ ክለብ አላት። የተከራየው ማልኮም ቤት ፎቅ ላይ ያለችውን ክፍል ነው። ትምህርቱን ጨርሶ፣ ትንሽ ሠርቶ፣ ወደ ሚኒሶታ መጣ። ከኪልብራን ይዞት የመጣው ካፖርቱንና ክለቡን ነው። ካፖርቱ ከብዙ ጊዜ በፊት አልቋል።

ሶሬቲ ልጅ ሳለች ቅዳሜ ጠዋት አባቷ ሻኮፒ ካለው መጋዘን ከሌሊት ሽፍት ይመጣና ሳይተኛ ኪችን ጠረጴዛ ላይ በላፕቶፑ የክለቡን ጨዋታ ይከፍታል። ምስል የለውም፤ ድምፅ ብቻ፣ እሱም እየተቆራረጠ። ከተናጋሪው ድምፅ ጀርባ ዝናብ ይሰማል። ቡድኑ ሲያጠቃ አባቷ ይነሣል፤ ሲጠቃ ይቀመጣል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ እንደተቀመጠ ነው። አንድ ዓመት ወደ ላይኛው ሊግ አደጉና በረዶ ላይ በካልሲ ወጥቶ ጨፈረ፤ ጎረቤት ቤቱ የተቃጠለ መስሎት ደወለ። በዓመቱ ወረዱ። ያን ቀን አባቷ የቤቱን ሰሐን ሁሉ፣ ንጹሑንም ጭምር፣ አውጥቶ አጠበ።

«ዋይ ዶንት ዩ ሰፖርት አርሰናል፣ እንደ ሰው?» ብላው ነበር ሶሬቲ ያኔ። የጓደኞቿ አባቶች ሁሉ ወይ አርሰናል ወይ ማንቼ ናቸው።

«አርሰናል እኔ ብቀር ያውቃል?» አላት።

በዕረፍት ሰዓት ስልክ ይጮኻል። ማልኮም ነው፤ ከሜዳው። አባቷ ጓሮ ወጥቶ ያወራዋል። ምን እንደሚያወሩ ጠይቃ አታውቅም፤ ኳስ ስለሆነ።

አሁን መልእክቶቹ በየቀኑ ይመጡ ጀመር። ማልኮም ሁሉንም ነገር በትልልቅ ፊደል ነው የሚጽፈው፤ የሚጮኽ ይመስላል። «አንተ ልጅ፣ ጉንፋኑ ለቀቀህ? ቅዳሜ ካላሸነፍን ወረድን። የግብ ጠባቂያችን ጣት ተሰብሯል። ሜዳው ላይ ካፖርቴ ወንበርህን ይዞልሃል።» ስድሳ ዓመት የሞላውን ሰው አንተ ልጅ የሚለው እሱ ብቻ ነው። ሶሬቲ «እየተሻለኝ ነው» አለችው። ያን ስትጽፍ አባቷ ገና ያልተቀበረ ሬሳ ነበር። በማግስቱ ደግሞ፣ «በዕረፍት ሰዓት እደውላለሁ፤ ድምፅህ እስከዚያ ይመለስ» አለ።

«ቅዳሜ ይደውላል፤ ምን ልበለው? እንደ አባዬ አስል?» አለች ሶሬቲ።

ከቀብር ተመልሰው ነበር። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ሐብተማርያም እጃቸውን ታጥበው ሲገቡ ብዙነሽ ጉዳዩን አቀረበችላቸው፤ እሳቸውም የመሬት ክርክር የቀረበላቸው ያህል ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ጎረቤት የለውም?»

«ጎረቤቱን አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ቄስስ?»

«እኔ እንጃ።»

«እንግዲህ መርዶ ማለዳ ነው የሚነገረው…»

«የማን ማለዳ ነው? እዚያ ስድስት ሰዓት ይቀድሙናል።»

ሞሲሳ የሚባለው የአባቷ የሥራ ባልደረባ ከጥግ ሆኖ ጣልቃ ገባ። «ነፍሱን ይማረውና፣ ቀጀላ ከዚህ ሁሉ እንደኛ አርሰናልን ቢደግፍ ምን ነበረበት? ሠላሳ ዓመት አንድ ዋንጫ ሳያይ!»

«አንተስ ሠላሳ ዓመት ስትጮህ ለአንተ ምን ደረሰህ?» አሉት ጋሽ ሐብተማርያም።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ወዲያው አፋቸውን ያዙ።

ያልሳቀችው ኢብሲቱ ናት። «እኔ የማይገባኝ እሱ ነው» አለች። «አባታችን ሲሞት እንባ ያላወጣ ልጅ ለነጭ ኳስ ያለቅስ ነበር አሉ። ነቀምት ሆነን ስንጠብቀው፣ መጣ? ደብዳቤ ጻፈ? በቃ፣ ሐዘን የሌለበት ሰው ነው አልን።»

ብዙነሽ ወደ ኢብሲቱ ዞረች።

«አልቅሷል» አለች።

«የት?»

«እዚያው ሜዳ።»

ብዙነሽ ባሏ ለእሷም አንድ ጊዜ ብቻ የነገራትን ነው ያወራችው። መንግሥት የተለወጠበት ሰሞን ነው። የአባቱን መሞት የነገረው የሩቅ ዘመድ ነው፤ ከጣልያን ደውሎ፣ በሁለት ደቂቃ። ቀጀላ በማልኮም ቤት ኮሪደር ላይ የስልኩን እጀታ እንደያዘ ቀረ። አገር ቤት ቢሆን ሰው ይይዘው ነበር፤ ቤቱ ይሞላ ነበር። እዚያ ማን አለ? ማልኮም መጣ፤ ነገሩን ሰማ፤ ምን እንደሚባል አላወቀም። ቅዳሜ ነበርና ካፖርቱን አልብሶት፣ ክንዱን ይዞ ወደ ሜዳው ወሰደው።

«ዝናብ ነበር አለኝ» አለች ብዙነሽ። «ቡድኑ ሦስት ገባበት። ቀጀላ መካከላቸው ተቀምጦ አለቀሰ፤ አምርሮ፣ ጮኾ። ማንም ምነው አላለውም። ለቡድኑ ያለቀሰ መስሏቸው አንዱ ጀርባውን መታ መታ አደረገው፤ አንዷ ሻይ ሰጠችው፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ‹ለአባቴ ሰው መካከል ያለቀስኩት እዚያ ነው› አለኝ። እኔም አንዳንዴ አገሬ ሲል የቱን እንደሆነ አይገባኝም ነበር። ዝናብ በዘነበ ቁጥር መስኮት ከፍቶ ይቆም የለ? ነቀምት ናፍቆት አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ኪልብራን አልሄደም?» አለች ሶሬቲ። ድምፅዋ ከፈለገችው በላይ ወጣ። «ሰባት ሰዓት ፍላይት ነው!»

«በየዓመቱ ‹በሚቀጥለው› ይል ነበር። አንቺ ኮሌጅ፣ ቤቱ፣ ሽፍቱ… በየዓመቱ ለማልኮም ‹በሚቀጥለው› ይለዋል፤ ያም ወንበር ይይዛል።»

ኢብሲቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ስትናገር ከሥሩ ነበር። «እዚያው ይነገረው። ሜዳው ላይ። ሰው መካከል።»

በዚህ ሁሉም ተስማማ፤ መቼ በሚለው ግን አልተስማሙም። ከጨዋታው በፊት ቢነገረው ኳሱን ያበላሹበታል። በኋላ ከሆነ ደግሞ ቢያሸንፉ ደስታውን መንጠቅ ነው።

«ቢሸነፉስ?» አለ ሞሲሳ።

«ቢሸነፉማ ሁለቱን አንድ ላይ ያልቅስ» አሉ ጋሽ ሐብተማርያም። «ይቀለዋል።»

ሶሬቲ የክለቡን ቁጥር ፈልጋ ደወለች። ስልኩን ያነሣችው የሻይ ቤቱ ኃላፊ ናት። ቢሮው ውስጥ ሌላ ሰው ስለሌለ እንደሆነ ነገረቻት። ሶሬቲ የአባቷን ስም ጠርታ መሞቱን ነገረቻት።

«ቀጀላ? የማልኮም ቀጀላ?» አለች ሴትዮዋ፤ ስሙን አስተካክላ ነበር የጠራችው። «ልጁ ነሽ? አይ፣ አይ…» ከዚያ ተነፈሰችና፣ «ከመጨረሻው ፊሽካ በኋላ ወደ ሻይ ቤቱ እናስገባዋለን፤ ሁላችንም እንኖራለን። ዕረፍት ላይ ቢደውል አታንሺ» አለቻት።

ቅዳሜ ሰልስት ነው። ቤቱ ከጠዋቱ ሞላ፤ የአሉሚኒየም ትሪዎች ኪችኑን አጨናነቁት፤ የጫማው ክምር በሩን አልፎ ደረጃው ላይ ደረሰ። ሶሬቲ ከጥቁር ሻሿ ሥር በአንድ ጆሮዋ ማዳመጫ ሰክታለች። ዕረፍት መቼ እንደሚሆን ለማወቅ ነው፤ ለሌላ አይደለም።

«ምን ትሰሚያለሽ?» አለች ኢብሲቱ።

«ኳሱን።»

«ስንት ለስንት?»

«አንድ ለዜሮ። እየተመራን… እየተመሩ ነው።»

ፊሽካው ተነፋ። የአባቷ ስልክ ጉልበቷ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሁሉም አየው። ቆመ። እንደገና ጀመረ።

«ተይው፣ ልጄ» አለች ብዙነሽ።

ሦስተኛ ጊዜ ሲጮኽ ሶሬቲ አነሣችው። «ተኝቷል» ልትለው ነበር። አንድ ቃል ናት፤ ከዚያ ትዘጋለች።

«አንተ ልጅ!» አለ ማልኮም። ድምፁ ከሕዝቡ ጫጫታ መካከል ነበር የሚመጣው፤ አጠገቧ ለተቀመጡት ሁሉ ይሰማል። «አጥቂያችን ሳጥን ውስጥ ሲጠለፍ ብታይ! ዳኛው እኮ ፊቱ ላይ ነው! ፔናልቲ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ትንሹን ልጅ ግን ማየት ነበረብህ፤ የቀኝ ክንፉን፣ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እግሩ እሳት ነው። አንተ ከነበርክበት ጊዜ ወዲህ እንዲህ ያለ አላየንም…» አላቆመም። ሶሬቲ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ሳምንቱን ሙሉ ያጠራቀመው ነው፤ የሚነግረውም ሌላ ሰው የለውም።

«ሄሎ? ድምፅህ አሁንም ዝግ ነው?»

«ማልኮም፣ ሶሬቲ ነኝ። ልጁ።»

«አ፣ ሶሬቲ! አባትሽ የት ሄደ?»

«ተኝቷል» የምትለው ቃል አፏ ላይ ነበረች።

«አባዬ ሞቷል» አለች። «ባለፈው እሑድ። ቴክስት ስጽፍልህ የነበርኩት እኔ ነኝ። ጉንፋን አልያዘውም ነበር።»

ብዙነሽ ደረቷን መታች። ከወዲያ በኩል የሕዝቡ ጫጫታ ብቻ ይሰማል። ከዚያ በቅርብ የሴት ድምፅ መጣ፦ «ማልኮም? ምን ሆንክ? ሻዩን ስጠኝ፣ ይደፋብሃል። ጂም፣ ያዘው እንጂ!» ወንበር ተንቋቋ። ሌላ ድምፅ፣ ሌላም ተጨመረ።

«አጠገቡ ሰው አለ?» አለች ኢብሲቱ።

«ከበውታል።»

«እንግዲያው ስጪኝ።» ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። «ማልኮም። አይ አም ሲስተር። ቀጀላ ሲስተር። ማይ ፋዘር ዳይ… ዩ ሲት ዊዝ ሂም። ዩ።» እንግሊዝኛዋ እዚያ ላይ አለቀ። «ያ ኦቦሌሳ ኮ!» ብላ ወንድሟን ጠርታ ጮኸች፤ ቤቱም ተከትሏት ጮኸ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጋሽ ሐብተማርያም ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙና፣ «ሚስተር ማልኮም፣ ጎድ ስትሬንግዝን ዩ» አሉ። ሌሎቹም በየተራ፣ ለሐዘንተኛ እንደሚባለው። ሞሲሳ «ሶሪ፣ ሰር» ካለ በኋላ መለስ አለና፣ «ባት ኢት ዋዝ ፔናልቲ፣ ራይት?» አለ፤ ዐይኑን በእጅጌው እየጠረገ።

ስልኩ ሶሬቲ ጋ ሲመለስ ማልኮም ከባድ ከባድ ይተነፍስ ነበር።

«ስንት ሰው ነው እዚያ ያለው?» አለ።

«ቤት ሙሉ።»

«ጥሩ» አለ። «ጥሩ ነው።» ፊሽካ ተነፋ። «ጀመሩ። አባትሽ ሲጀመር ይዘጋል። ሂድ ተመልከት፣ በኋላ ትነግረኛለህ ይለኛል።»

«ልዝጋው?»

«አይ» አለ ሽማግሌው። «አትዝጊው። ኳሱ ትንሹ ልጅ ጋ ነው… አንዱን አለፈ…»

ቤቱ ገና አልበረደም፤ ልቅሶው እያየለ ነው። ሶሬቲ አንድ ጆሮዋን በመዳፏ ደፍና ተነሣች፤ በፍራሹና በወንበሮቹ መካከል አልፋ፣ የጓሮውን በር በትከሻዋ ገፋችው።

«ቆይ ማልኮም፣ አልሰማሁህም» አለች። «ማንን አለፈ?»

ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።