ዘራችን ብረት ነው

አጎቴን ሳየው መንገድ እቀይራለሁ። እውነቴን ነው! ያ ሽቶው ከሩቅ ሲመጣ ገና ያቅለሸልሸኛል።

ወንድሜ በያጅ ነው። ቆርቆሮ ጣቱን ቢቧጭረው በጨርቅ ጠቅልሎ ሥራውን ቀጠለ። በአራተኛው ቀን እጁ እስከ ብብቱ ጠቁሮ፣ በመሣሪያ እየተነፈሰ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኛ። ቤተሰቡ ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ሳለ ሐኪሟ ወጣች።

«እንዲህ ያለች ጭረት ጤነኛ ጎረምሳን እዚህ አታደርስም» አለች። «በዘር የሚወረስ የመከላከል ድክመት ሊሆን ይችላል። ከቤተሰባችሁ በቀላል ቁስል ወይም በጥርስ ሕመም የሞተ ሰው አለ? ካለ አሁኑኑ መድኃኒት እጨምርለታለሁ።»

አጎቴ ቀደመኝ። «ኧረ ወዲያ! የእኛ ዘር ብረት ነው! ምናልባት በእናቱ በኩል ይሆናል።»

እናታችን ከሞተች ቆይታለች። ሙት አይከራከርም፤ ለአጎቴ ይመቻል።

ሚስቱን አየኋት፤ አቀረቀረች። የበኩር ልጃቸው ከደረጃ ወድቆ ሞተ ተብለን ነው ያደግነው። ከደረጃ የወደቀ ልጅ ታዲያ ጉንጩ አብጦ ሦስት ቀን በትኩሳት ይቃጠላል እንዴ? በዓይኔ ያየሁትን!

«አጎቴ፣ ያ ልጅስ?» አልኩት ቀስ ብዬ።

ክንዴን ቆነጠጠኝ። «ዝም በይ! የልጄ ሰርግ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። አማቾቼ ‹በሽተኛ ዘር› ቢሉንስ? ለአንድ ሰው ተብሎ ቤት ይፍረስ?»

አንድ ሰው! «ልጄ፣ ልጄ» እያለ የግቢውን በር በነጻ ያስበየደው ወንድሜ! ለሌላው ሲሆን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለ የሚተርተው ደግሞ እሱ ነው። ቱ!

«ዶክተር፣ ይዋሻል!» ብዬ ጮህኩ።

«ሐዘኑ አናውዟት ነው፤ አይስሟት» አለ አጎቴ ፈገግ ብሎ።

ይኼኔ ሙሽሪት ልጁ ከኋላችን እያነከሰች መጣች። ጠዋት ስታነክስ አባቷ «አዲስ ጫማ ነው፣ ይለመዳል» ብሏት ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ለማለማመድ ያደረገችውን የሰርግ ጫማዋን አወለቀች። ተረከዟ ቀልቷል፤ መግሉ ካልሲዋ ላይ ተጣብቋል። ሽታው አፍንጫዬ ገባ።

«አባዬ፣» አለችው፤ «እኔም ብረት ነኝ?»

እናቷ ጭንቅላቷን ይዛ ጮኸች። «ልጄ ከደረጃ አልወደቀም! በጥርስ ነው የሞተው፣ በጥርስ!»

ሐኪሟ የወንድሜ መድኃኒት እንዲጨመር ለአንዲት ነርስ እየነገረች ልጅቷ እግር ሥር ተንበረከከች። አጎቴም አብሮ ጎንበስ አለ። ሊያለቅስ መስሎኝ ነበር።

ጫማውን አነሳና «አድርጊው፣ ሰው ያያል» አላት።