ያየሁት

«አምጪው ልጄ፣ እኔ አነብላታለሁ» አሉ አባ ተክለ ሃይማኖት፣ የንፍሮውን ሳህን ገፋ አድርገው።

የፊደል አስቆጣሪው የተረፈ ሣልስት ነበር። ሚስቱ ፈንታዬ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ከአቀስታ በእግሯ የመጣችው ሀሊማ በሩ ሥር ሆና ጠበቀች። «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ካለች በኋላ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። በስድሳ ስድስቱ ረሃብ፣ ወረኢሉ መንገድ ላይ የሞተችባትን ልጇን ሩቂያን የቀበረው ተረፈ ነው። እናትየዋ ያን ቀን ራሷን ስታ ነበርና ቦታውን አታውቅም። እሱ ግን ጽፎ እንደያዘው ዘንድሮ ገበያ ላይ ሰማች።

ተረፈ መጻፍ የሚወድ፣ የጻፈውን ማደባለቅ የማይወድ ሰው ነበር። ያነበበው ለብቻ፣ የሰማው ለብቻ፣ ያየው ለብቻ። ፈንታዬ ትቀልድበት ነበር።

«እንደ ጤፍና ገብስ በየጎተራው ታስቀምጠዋለህ?»

«ያነበብሁት የሌላ ሰው ነው» ይላታል። «የሰማሁት ውሸት ሊሆን ይችላል። ያየሁትን ግን እግዜር ፊት ቆሜ እመሰክርበታለሁ።»

ያነበበውን የያዘበትን ደብተር አይጥ በላው። በልብስ ሰፊው ሬዲዮ የሰማውን ደግሞ አብዮት ጠባቂዎች ወሰዱበት። ያየውን ግን ረሃቡ ሲገባ ጀምሮ ብራና ላይ ነው የጻፈው። ፍየሎቹ አልቀው ስለነበር ቆዳ አልቸገረውም። ጠዋት አካፋውን ተሸክሞ ወደ መንገዱ ይወርዳል፤ ሲመለስ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ይጽፋል። ስም፣ አገር፣ የተቀበሩበት ቦታ። ስማቸው ካልታወቀ የልብሳቸውን ቀለም።

«ለማን ነው?» ብትለው «የሚጠይቅ ይመጣል» አላት።

አሁን ፈንታዬ የብራናውን ጥቅል በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ሀሊማ ብድግ አለች። አባ ክሩን ፈትተው ጥቂት እንደ ዘረጉት ፊታቸው ጠቆረ።

«ፈንታዬ፣ ይህ እኮ ከሬሳ ጋር የሚቀበረው ጸሎት ነው።»

«አይደለም አባ። እሱንማ እኔው ራሴ ደረቱ ላይ...»

አልጨረሰችውም። ሁለቱም ብራና፣ ሁለቱም ጥቅል፤ እሷ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም። ሲገነዝ አባም «ጎሽ፣ ጸሎቱን አልረሳሽም» አሏት እንጂ አልገለጡትም። ባሏ ያለ ጸሎቱ ሄዷል። የሩቂያንም መቃብር ይዞት ሄዷል።

ፈንታዬ ሀሊማ እግር ሥር ወደቀች። «እኔ ነኝ! ሁለተኛ የቀበርኋት እኔ ነኝ! አባ፣ መቃብሩን ያስከፍቱልኝ!»

«ወላሂ አይከፈትም!» ሀሊማ ቀደመቻቸው። «ልጄን የቀበሩልኝን ሰው አላስቆፍርም።» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ባይሆን ሲያወሩ አልሰማሽም እህቴ? ዛፍ ሥር ነው? ድንጋይ አለው?»

ፈንታዬ ያን መንገድ ታውቀዋለች። አንዱን ዛፍ ብትጠራላት ሴትዮዋ እፎይ ብላ ትመለስ ነበር። ቃሉ አፏ ድረስ መጣ።

«አልሰማሁም» አለች። «የሬሳ ወሬ ቤቴ አታግባ ብዬ የከለከልሁት እኔው ነኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጡ። ሀሊማ ከቅጥሩ ውጭ ቆመች።

«የትኛው ነው?»

ፈንታዬ በካቡ ላይ አሻግራ አዲሱን አፈር አሳየቻት።

«ስሟ እዚያ ነው ያለው» አለች ሀሊማ፣ ለራሷ። መዳፎቿን ዘርግታ ዱዓዋን ጀመረች። ብዙ ቆየች። ፈንታዬ ምን እንደምትል አላወቀችም፤ ለቅሶውም አልመጣላትም። የሀሊማ እጆች መዛል ሲጀምሩ ጠጋ አለችና ከሥር በራሷ መዳፎች ደገፈቻቸው።