እማዬ፣ ስድስተኛው ዘፈን ላይ

ወንድሜ የሚያለቅስበት ቦታ መድረኩ ላይ በነጭ ፕላስተር ምልክት ተደርጎለታል። የለጠፈው መብራት የሚያዘው ሰውዬ ነው።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ ሲያለቅሱ ፊትዎ ደህና ይታያል።"

ወንድሜ ቆመና አለቀሰ። ሻይ ጠጣ። ደግሞ አለቀሰ።

አርባ ዓመት ዘፍኗል፤ ግጥሙም ዜማውም የራሱ ነው። ከአስራ አንድ ዓመት ዝምታ በኋላ ደግሞ አዲስ አልበም አውጥቷል። ስድስተኛው ዘፈን ስለ እማዬ ነው። ለእሁዱ ኮንሰርት ልምምድ የጠራኝም ዘፈኑ ሲያልቅ መድረክ ላይ ወጥቼ እንድታቀፍ ነው።

"ዝም ብለሽ ትወጫለሽ፣ አቅፍሻለሁ፣ ሕዝቡ በለቅሶ ያልቃል። ሚጡዬ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።"

ሚጡ ይለኛል። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው።

ሙዚቃው ሊጀምር ሲል እማዬ ከስፒከሩ ውስጥ "ልጄ፣ መጣህልኝ?" አለች።

ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። አራት ዓመት አልጋ ላይ ያገላበጥኳት እኔ ነኝ። እሱ የመጣው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን እኔ ውሃ እያሞቅኩ ነበር፤ ለካ ስልኩን ትራሷ ላይ አስቀምጦ ይቀዳታል።

ወንድሜ ፊቱን ፓውደር ሊቀባ ሲሄድ የድምፅ ባለሙያውን "ሙሉውን አሰማኝ" አልኩት። አሰማኝ።

"ልጄ፣ መጣህልኝ? እህትህን ጥራልኝ። አመለጠኝ፣ ረጥቤያለሁ። ጥራልኝ እንጂ።"

የወንድሜ ድምፅ ተከተለ። "ቆይ እማዬ፣ የመጀመሪያዋን እስቲ ድገሚያት።"

ደገመችለት።

"አልበሙ ላይ ያስገባነው ሁለተኛውን ነው" አለኝ ባለሙያው። "ጠራ ያለው እሱ ነው።"

ሄድኩና ወንድሜን "ድምጿን አውጣው" አልኩት።

"አልበሙ እኮ ወጥቷል።"

"መድረክ ላይ አታሰማት።"

"ክብር እኮ ነው!"

"ረጥባ ነበር።"

"እሱ አይሰማም።"

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የሚያወራኝ።

"እሷን ካሰማህ እኔ አልወጣም። ምረጥ።"

"አንቺ ነገር ስታከሪ! እሺ በቃ፣ አስብበታለሁ" አለ።

እሁድ ከሰዓት ሄድኩ። ያወጣት እንደሆነ ልይ ብዬ ነው። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ወንድሜ የሃያ ዓመት ኮቱን ለብሷል፤ ቁልፎቹ በእግዜር ጥበቃ ነው የያዙት። አምስት ዘፈን ጠበቅኩ።

መብራቱ ጠፋ።

"ልጄ፣ መጣህልኝ?"

አዳራሹ አጨበጨበ። እናቴ ረጥባ እያለች ተጨበጨበላት።

ዘፈኑ አለቀ። "እናቴን ያስታመመች እህቴ ዛሬ እዚህ አለች" አለ። ወንበሬን ጨብጬ ያዝኩ።

ከመጋረጃው ጀርባ አንዷ ተቀባይ ዘፋኝ ወጣች። ጥቁር ቀሚስ አልብሰዋታል። በዕድሜዋ ልጁ ትሆናለች እንጂ እህቱ አትሆንም፤ ግን ከሩቅ ማን ያያል። ተቃቅፈው ተንሰቀሰቁ። እሷ ትሻላለች፣ ንፍጧም ወረደ።

ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ በሶፍት ዓይናቸውን ጠረጉ።

"እህት ማለት እንዲህ ናት። አንቺስ፣ ወንድም አለሽ?"

"የለኝም።"

"አይዞሽ ልጄ" ብለው ሶፍት ሰጡኝ።

ሰባተኛው ዘፈን የጭፈራ ነው። ሰው ሁሉ ተነሳ። የሴትዮዋን እግር ረግጬ ወጣሁ።