ከአንዲት ሴት በቀር

ዓመቱ ሁለት ሺህ ስምንት ነው፣ ዝናብ የለም፣ ነፋሱ የእርሻውን አፈር እያነሳ የከተማው ክሊኒክ መስኮት ላይ ይደፋል፣ መርቪንም ነርሷ ያለችውን ገና አልዋጠውም። ቂጥኝ። የቆየ ነው፣ የብዙ ዓመት፣ አሁን ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ግን መርፌ ያስፈልግዎታል፣ በሕይወትዎ ከስንት ሴት ጋር ነበሩ? ከአንድ። እርግጠኛ ነዎት? አንድ አልኩሽ እኮ፣ ሚስቴ፣ ሞታለች። ነርሷ አንድ ብላ ጻፈች፣ ቀና ብላም አላየችው። ብትከራከረው ይሻለው ነበር።

ሱሪውን ዝቅ ያደርጋል፣ ዕድሜ ልኩን በግ መርፌ ሲወጋ የኖረ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይወጋል፣ መድኃኒቱ ወፍራም ነው፣ አጥንት ድረስ ይሰማል።

ዶሪን ናት የላከችው። ባሏ የሞተባት ዶሪን፣ ቤተ ክርስቲያን ከሚስቱ ከኢዝሜ ጎን ቆማ ስትዘምር የኖረች፣ አግቢኝ ቢላት እሺ አለች፣ ቀጥላም ሻይ እየቀዳች፣ መርቭ፣ አንተ ደሙ ያልተመረመረ አውራ በግ ከመንጋህ ትቀላቅላለህ? ታዲያ እኔ ከበጎችህ አንሳለሁ? ሳቀች፣ እሱም ሊስቅ ምንም አልቀረው፣ እውነቷን ነዋ፣ ቆለጣቸውን በእጁ ሳይዳብስ፣ ደማቸውን ሳያስወስድ አንድም አልለቀቀም፣ የታመመ ከተገኘ ለቄራ። ንጹሕ ነኝ ብሎ መጣ።

መኪናው ውስጥ በአንድ ጎኑ ይቀመጣል፣ ሌላው ያመዋል፣ መንገዱ በአቧራ ጠፍቷል። ማነው ያስያዛት? የበግ ፀጉር ሸላቹ? የስንዴ ገዢው? ኢዝሜ፣ ማነው? ሙት አይጠየቅም። ያኔ ነው የሆነው፣ አዴሌድ ከተማ እህቷ ዘንድ ከርማ ስትመለስ፣ ፀጉሯን አጭር ተቆርጣ፣ ባቡር ጣቢያው ላይ ሻንጣዋን ይዛ ቆማ ታየዋለች፣ አንድ ነገር እንዲላት ትጠብቃለች፣ እሱ ምን አላት፣ በጎቹ ውኃ አልጠጡም፣ መኪናው ውስጥ ግቢ። ግቢ። ቤት እስኪደርሱ ሌላ ቃል የለም። ከዚያም በኋላ የለም። ልጆቹ፣ አባታችን ቃሉን ከስንዴው ጋር ጎተራ ይቆልፍበታል ይላሉ፣ ይበሉ፣ እሷ ግን ለማን ተናግራ ይሆን፣ አጠገቡ ተኝታ ስንት ሌሊት ጣሪያ አይታ ይሆን፣ አንቺ ከሃዲ፣ አንቺ ምስኪን፣ መሪውን ይመታል፣ እጁን ያመዋል፣ ይበለው።

ለዶሪን ንጹሕ ነኝ ቢላትስ? ማን ያውቃል? ግን በሽተኛ በግ ጤነኛ ነው ብሎ ሸጦ አያውቅም።

ዶሪን በረንዳ ላይ ናት። ገና ስታየው ፈገግታዋ ይጠፋል። አጠገቧ ተቀምጦ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል።

ተገኘብኝ። ቂጥኝ ነው፣ የድሮ፣ አንቺን አይነካሽም።

ከማን?

እውነቱን ቢነግራት እሑድ ከመዘምራኑ መሃል ቆማ የኢዝሜን ባዶ ቦታ ታያለች፣ ከዚያ ወዲያ የምታየው ክህደቷን ብቻ ነው።

ከእኔው ነው፣ ይላል። በወጣትነቴ፣ ከብት ልሸጥ ስሄድ። ኢዝሜ አታውቅም ነበር።

ዶሪን ወንበሯን ትስባለች፣ ወደ እሱ አይደለም።

ምስኪን ኢዝሜ፣ ትላለች። አንተን ብላ።

አዎ፣ ይላል፣ ምስኪን። ሻይ አልቀረበም፣ እሱም አይጠብቅም፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ይነሳል፣ የአጥሩን በር ቀስ ብሎ ይዘጋል፣ ነፋሱ እንዳያላትመው፣ ከዚያ በጎቹን ውኃ ሊያጠጣ ይሄዳል።